ጥያቄ፦ የዓሣውን ትክክለኛ ዝርያ የሚለይልኝ የትኛው ምርመራ ነው?

ጠያቂዋ፦ ምግብ አቅራቢ ነኝ። ቀይ ስናፐር የተባለው ዓሣ ነው ተብሎ የተሸጠልኝን ፊሌቶ፣ የቆርቆሮ ቱናና የተፈጨ የዓሣ ኳስ ማስመርመር እፈልጋለሁ። አንዱ ላቦራቶሪ የዲኤንኤ ባርኮድ (ዝርያውን ከዘረመሉ አንብቦ የሚለይ ምርመራ)፣ ሌላው ፈጣን ፒሲአር (አንድን የተወሰነ ዝርያ ዲኤንኤ አብዝቶ የሚፈልግ ምርመራ) አቀረበልኝ። የቱ ይሻላል?

የድሮ ደንበኛ፦ ገንዘብሽን አታባክኚ። እኔ ለዓመታት የምገዛው ከአንድ ሰው ነው፤ ዓይኑንና ስንጥቡን አይቼ ዓሣውን እለየዋለሁ።

የላቦራቶሪ ሰው፦ ጭንቅላቱ ተቆርጦ ቆዳው ከተገፈፈ ፊሌቶ ላይ የትኛውን ዓይን ሊያዩ ነው?

የተጎዳ ሸማች፦ እኔን ያየ ይቀጣ። «ነጭ ቱና» ብለው የሸጡልኝን በላሁ፤ ሌሊቱን ከመጸዳጃ ቤት አልወጣሁም። የሚወጣኝ ብርቱካናማ ዘይት ነበር። የተረፈውን ቁራሽ አስመረመርሁ፤ ኤስኮላር የሚባል ሌላ ዓሣ ሆነ። ሰውነት የማይፈጨው ሰም መሰል ቅባት አለው።

እናት፦ አይዞህ ወንድሜ። ስንት ቀን ቆየብህ? ልጆችም በልተው ነበር?

የተጎዳ ሸማች፦ ሁለት ቀን። ልጆቹ አልበሉም፤ ተመስገን።

አንባቢ፦ ብቻህን አይደለህም። ኦሺያና የተባለው የባሕር ጥበቃ ድርጅት በ2013 እ.ኤ.አ. ባወጣው የአሜሪካ ጥናት ከ1,215 ናሙናዎች 33 በመቶው ስማቸው የተሳሳተ ነበር። «ነጭ ቱና» ከተባሉት 84 በመቶው ኤስኮላር ነበሩ።

የድሮ ደንበኛ፦ የእኔ ሰው ግን ይህን አያደርግም።

የላቦራቶሪ ሰው፦ ወደ ጥያቄው ልመለስ። ለጥሬ ፊሌቶ ባርኮዱን ይምረጡ፤ 650 ገደማ የዲኤንኤ ፊደላት ተነበው ቦልድ ከተባለው የመረጃ ቋት ጋር ይነጻጸራሉ። ፈጣኑ ፒሲአር «ስናፐር ነው ወይስ አይደለም?» ለሚለው ብቻ ይመልሳል፤ ካልሆነ ምን እንደሆነ አይነግርዎትም። የቆርቆሮ ዓሣ ዲኤንኤ በሙቀት ስለሚበጣጠስ አጭር ባርኮድ ይጠይቁ። የቱና ዝርያዎች ደግሞ በጣም ስለሚቀራረቡ ተጨማሪ የዘረመል ምልክት ያስፈልጋል። በዓሣ ኳሱ ውስጥ ብዙ ዝርያ ሊኖር ስለሚችል ሁሉንም ለይቶ የሚያነበውን ሜታባርኮዲንግ ያስደርጉ፤ መጠናቸውን ግን በትክክል አይለካም።

እናት፦ ምርመራው በኩሬ የረባውን ከባሕር ከተያዘው ይለያል?

የላቦራቶሪ ሰው፦ አይለይም፤ ዝርያው አንድ ከሆነ ባርኮዱም አንድ ነው።

ጠያቂዋ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ናሙናዎቹን ቆርጬ በረዶ ቤት አስገብቻለሁ፤ ቢላዋው ግን ለሁሉም አንድ ነበር፤ በጨርቅ ብቻ ነው የጠረግሁት።

የላቦራቶሪ ሰው፦ እንግዲያውስ እንደገና ይቁረጡ። ለእያንዳንዱ ንጹሕ ቢላዋና አዲስ ጓንት፤ ከፊሌቶው ደግሞ ከሥጋው መሃል ይውሰዱ፤ ላይ ላዩን ሌላ ዓሣ ነክቶት ሊሆን ይችላል።