የ1923–24 የእንግሊዝ ሊግ ሰንጠረዥ፦ ሻምፒዮኑ ካርዲፍ ሆኖ ይወጣብኛል፤ ስህተቱ የቱ ጋ ነው?

ጥያቄ፦ ሰንጠረዥ ሠሪው

ሰላም ለሁላችሁ። በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች መካከል የተካሄዱትን የእንግሊዝ አንደኛ ዲቪዚዮን ውድድሮች በኤክሴል እየሠራሁ ነው። እ.ኤ.አ. 1923–24 ላይ ስደርስ ተቸገርኩ። ዋንጫውን የወሰደው ሀደርስፊልድ ታውን ነው፤ የእኔ ሰንጠረዥ ግን አናት ላይ ካርዲፍ ሲቲን ያስቀምጣል። ያስገባሁት ይህ ነው፦

ሀደርስፊልድ፦ 42 ጨዋታ፣ 23 ድል፣ 11 አቻ፣ 8 ሽንፈት፣ 60 አግብቶ 33 ገብቶበት
ካርዲፍ፦ 42 ጨዋታ፣ 22 ድል፣ 13 አቻ፣ 7 ሽንፈት፣ 61 አግብቶ 34 ገብቶበት

ለድል 2፣ ለአቻ 1 ስሰጥ ሁለቱም 57 ነጥብ ሆኑ። «በግብ ክፍያ ተለያዩ» ስለሚባል ካገቡት ላይ የገባባቸውን ቀነስኩ፤ ሁለቱም 27 ሆኑ። እኩል ሲሆኑ ብዙ ያገባ ይቅደም ብዬ ስላዘዝኩት ካርዲፍ በአንድ ጎል ቀደመ። ቁጥሩ ነው የተሳሳተው ወይስ ደንቡ? ለድል 3 ነጥብ ስሰጥ ሀደርስፊልድ 80፣ ካርዲፍ 79 ሆኖ ይስተካከላል። በዚያው ልተወው?

መልስ፦ የመስመር ዳኛ

ቁጥሮችህ ልክ ናቸው። ያሳሳተህ «ክፍያ» የሚለው ቃል ነው። ዛሬ ጋዜጠኛው «በግብ ክፍያ በልጦ» ሲል መቀነስን ነው የሚያወራው፤ ያኔ ግን እንደ ቃሉ እውነተኛ ማካፈል ነበር። ያገባውን ለገባበት ታካፍላለህ፤ የሚበልጠው ይቀድማል።

60 ÷ 33 = 1.818
61 ÷ 34 = 1.794

ሀደርስፊልድ በ0.024 ሻምፒዮን ሆነ ማለት ነው። ሊጉ በማካፈል የሠራው እስከ 1975–76 ሲሆን መቀነስ የመጣው በ1976–77 ነው። ስለዚህ ከ1919–20 እስከ 1938–39 ላሉት ለሃያዎቹም ውድድሮችህ ይኸው አንድ ስሌት ይበቃል።

የ3 ነጥቡን ነገር ግን ቶሎ አጥፋው። 3 ነጥብ በእንግሊዝ የተጀመረው በ1981–82 ነው። ሻምፒዮኑን በአጋጣሚ ቢያስተካክልልህም ከታች ያለውን ያበላሸዋል፦ ሼፊልድ ዩናይትድ 69 ይዞ ቦልተንን በ68 ያልፈዋል፣ ማንቸስተር ሲቲ ደግሞ ኖትስ ካውንቲን 57 ለ56 ይቀድማል። በእውነተኛው ሰንጠረዥ ሁለቱም ተቃራኒ ናቸው። ሻምፒዮኑን ብቻ አይቶ «ተስተካከለ» የሚል ሰው ይህን አያገኘውም።

መልስ፦ ቀያሹ

የመስመር ዳኛ ያለው ልክ ነው፤ አሠራሩ ላይ ልጨምር።

የገባበት አምድ አጠገብ አዲስ አምድ ክፈትና ያገባውን ለገባበት አካፍል። ደረጃውን ስታወጣ መጀመሪያ በነጥብ፣ ቀጥሎ በዚህ አምድ፣ ሁለቱንም ከትልቅ ወደ ትንሽ። ቅደም ተከተሉን ከገለበጥከው ቦልተን ወንደረርስ አንደኛ ሆኖ ይወጣል፦ 68 አግብቶ 34 ገብቶበታል፣ ልክ 2.000። በዲቪዚዮኑ ከሱ የሚበልጥ የለም፤ ግን ነጥቡ 50 ስለሆነ አራተኛ ነው። ቦልተንን አናት ላይ ካየህ የት እንደሳትክ በዚህ ታውቃለህ።

ቀጥሎ የማጠጋጋት ወጥመድ አለ። በአንድ አሃዝ ካጠጋጋህ 1.818ም 1.794ም 1.8 ይሆኑና ኤክሴል እንደገና እኩል ናቸው ይልሃል። የሴሉን መልክ ብቻ ብትቀይር ችግር የለውም፣ ውስጡ ያለው ቁጥር አይነካም። በማጠጋጊያ ቀመር ከቆረጥከው ግን ጠፋ። ቢያንስ ሦስት አሃዝ አስቀር።

እኔ የምመርጠው ጨርሶ አለማካፈልን ነው። ሁለት ክለቦች በነጥብ እኩል ሲሆኑ አንዱ ያገባውን ሌላው በገባበት አባዛና አወዳድር፦

ሀደርስፊልድ፦ 60 × 34 = 2040
ካርዲፍ፦ 61 × 33 = 2013

ሙሉ ቁጥር ስለሆነ የሚጠጋጋ ነገር የለም፣ በወረቀትም ይሠራል። በየሳምንቱ የነበረውን ደረጃ ልታወጣ ካሰብክ ደግሞ በግድ ያስፈልግሃል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ምንም ያልገባበት ክለብ ሲኖር ለዜሮ ማካፈል ይመጣና ሴሉ ስህተት ይጽፍብሃል፤ በማባዛት ግን ችግሩ አይነሳም።

ጠያቂው፦ ሰንጠረዥ ሠሪው

ተባረኩ፣ ተስተካከለ። ሁለት ነገር ቀረኝ። አንደኛ፣ ታች ወራጅ ቀጠና ላይ ፎረስትና ቼልሲ በ32 ነጥብ እኩል ናቸው፤ በመቀነስም ሁለቱም −22 ነበሩ። ይህ እውነት ነው ወይስ ቁጥር ደግሜ ጻፍኩ? ሁለተኛ፣ የመጨረሻውን ቀን «እንዲህ ቢሆን ኖሮ» ብዬ በተለያየ ውጤት መሞከር እፈልጋለሁ። ከየት ልነሳ?

መልስ፦ የድሮ ኳስ

እውነት ነው። ኖቲንግሃም ፎረስት 42 አግብቶ 64 ገባበት፣ 0.656። ቼልሲ 31 አግብቶ 53 ገባበት፣ 0.585። ቼልሲ ከሚድልስብሮ (22 ነጥብ) ጋር ወረደ። አናትም ግርጌም በመቀነስ ፍጹም እኩል ሆነው በማካፈል የተለያዩበት ዓመት ነው።

ልብ በል፣ የማካፈል ጠባዩ አናትና ግርጌ ላይ ይገለበጣል። ልዩነቱ እኩል ከሆነና ከዜሮ በላይ ከሆነ ትንሽ አግብቶ ትንሽ የገባበት ይጠቀማል (60 ለ33 ከ61 ለ34 ይሻላል)። ከዜሮ በታች ከሆነ ግን ብዙ አግብቶ ብዙ የገባበት ይጠቀማል፤ ቼልሲ ከፎረስት 11 ጎል ያነሰ ተቆጥሮበት እያለ የወረደው ለዚህ ነው። «ማካፈል መከላከልን ይሸልም ነበር» የሚሉ ሰዎች ግማሹን ብቻ ነው የሚናገሩት።

ለመጨረሻው ቀን፣ ግንቦት 3 ቀን 1924 እንደ ፈረንጆቹ፣ መነሻህ ይህ ነው፦

ካርዲፍ፦ 56 ነጥብ፣ 61 ለ34
ሀደርስፊልድ፦ 55 ነጥብ፣ 57 ለ33

ካርዲፍ ከሜዳው ውጭ በበርሚንግሃም ሜዳ 0 ለ0 ወጣ። ፍፁም ቅጣት ምት አግኝቶ ሌን ዴቪስ ሳይጠቀምበት ቀረ፤ ጎል ሆና በዚያው ቢያልቅ 58 ነጥብ ነበር፣ ማካፈልም መቀነስም አያስፈልግም። የአሰልጣኝ ኸርበርት ቻፕማን ሀደርስፊልድ በሜዳው በሊድስ ሮድ ያንኑ ፎረስትን 3 ለ0 አሸነፈ።

የካርዲፍን 0 ለ0 እንዳለ ትተህ የሀደርስፊልድን ውጤት ቀያይር፦

1 ለ0፦ 58 ÷ 33 = 1.758፣ ዋንጫው የካርዲፍ
2 ለ0፦ 59 ÷ 33 = 1.788፣ አሁንም የካርዲፍ
3 ለ0፦ 60 ÷ 33 = 1.818፣ የሀደርስፊልድ
3 ለ1፦ 60 ÷ 34 = 1.765፣ የካርዲፍ

4 ለ1ን ሞክረውና ሳቅ፦ 61 ለ34፣ ከካርዲፍ ጋር ጎል በጎል አንድ ዓይነት። ሙከራህ ላይ እኩል የሚለውን ውጤት የሚቀበል ቦታ አብጅለት፣ አለበለዚያ ቀመሩ ዝም ብሎ ከሁለቱ አንዱን ያስቀድማል።

መልስ፦ ቀያሹ

የድሮ ኳስ የነካውን ልቀጥል፤ የካርዲፍንም ውጤት ቀያይረው። በዛሬው ስሌት 0 ለ0 እና 1 ለ1 ያው ናቸው። በማካፈል ግን አይደሉም። ካርዲፍ 1 ለ1 ቢወጣ ኖሮ 62 ÷ 35 = 1.771 ይሆን ነበር፤ ያን ጊዜ ለሀደርስፊልድ 2 ለ0 (1.788) በቂው ነው። ካገባው ያነሰ የገባበት ቡድን ጎል ባለበት አቻ ሁልጊዜ ይጎዳል። ስለዚህ መሞከሪያው ውስጥ «አቻ» የሚል አንድ ምርጫ ብቻ አታስገባ፤ ለእያንዳንዱ ክለብ ያገባና የገባበት ብለህ ሁለት ሴል ስጥ።

ጠያቂው፦ ሰንጠረዥ ሠሪው

ይህ ጨዋታ በጨዋታ ብሠራው ይሻላል አሰኘኝ። የጨዋታዎቹን ዝርዝር አስገብቼ የተደገሙትን ረድፎች እንዲያጠፋ ሳዘው ግን 231 ብቻ ቀሩ። ብዙዎቹ ተከታታይ ሳምንት ላይ አንድ ዓይነት ሁለት ክለቦች ነበሩ፤ ድግግሞሽ መሰሉኝ።

መልስ፦ የመስመር ዳኛ

ግማሹን ዓመት ጠራርገህ ጣልከው! 22 ክለብ በ42 ጨዋታ 462 ነው የሚሆነው፤ 231 ልክ ግማሹ ነው። በእነዚያ ዓመታት መርሃ ግብሩ ሁለቱን ክለቦች በተከታታይ ቅዳሜ ያገናኝ ነበር፤ አንዱ ሳምንት በአንዱ ሜዳ፣ ቀጣዩ በሌላው። መለያህ የክለቦቹን ስም በፊደል ተራ ደርድሮ ከሆነ ሁለቱ ጨዋታዎች አንድ ይመስሉታል። ባለሜዳውን በፊት፣ እንግዳውን በኋላ አድርገህ ስማቸውን እንደቅደም ተከተሉ አያይዝ፤ ቀኑንም ጨምርበት።

ስም ላይም ተጠንቀቅ። በዚያ ዓመት ክለቡ «በርሚንግሃም» ብቻ ነው፣ «ሲቲ» የተጨመረለት በ1943 ነው። ሁለተኛ ዲቪዚዮን ከገባህ ዛሬ ሼፊልድ ዌንስዴይ የምንለው እስከ 1929 ድረስ «ዘ ዌንስዴይ» ነበር። አንዱ ፋይል በድሮው ሌላው በአዲሱ ስም ከጻፈ አንድ ክለብ ለሁለት ይከፈልብሃል።

መልስ፦ ቀያሹ

መልሰህ ስታስገባ በእነዚህ ድምሮች አጣራ፦

የሁሉም ክለቦች ነጥብ ድምር 924 (462 በ2፤ አቻም ይሁን ድል ከአንድ ጨዋታ 2 ነጥብ ስለሚወጣ አይዛነፍም)
የድሎች ድምር 330፣ የሽንፈቶች ድምር 330
የአቻዎች ድምር በክለብ ሲቆጠር 264፣ ማለትም 132 ጨዋታ
ያገቡት ድምር 1143፣ የገቡባቸው ድምር 1143

ያገቡትና የገቡባቸው ድምሮች ከተለያዩ አንድ ውጤት በአንድ ወገን ብቻ ተሳስቷል። ሁለቱም እኩል ሆነው ከ1143 ከራቁ ደግሞ ጨዋታው ራሱ በተሳሳተ ውጤት ገብቷል ወይም ቀርቷል። ውጤት ተገልብጦ ከገባ (3 ለ0 የነበረው 0 ለ3) ግን ከነዚህ አንዱም አይያዘውም፤ የየክለቡን መስመር ከመጨረሻው ሰንጠረዥ ጋር ማመሳከር ግድ ነው።

መልስ፦ የድሮ ኳስ

ዓመታቱን እርስ በርስ ልታወዳድር ካሰብክ 1925 ላይ ቁረጥ። በዚያ ዓመት፣ 1925–26 ከመጀመሩ በፊት፣ የከጨዋታ ውጭ ሕግ ተቀየረ፦ ከአጥቂው ፊት ሦስት ተጋጣሚ መኖር የነበረበት ወደ ሁለት ወረደ። 1923–24 ላይ በጨዋታ 2.47 ጎል ነበር፤ በ1925–26 በዚሁ 462 ጨዋታ 1703 ጎል ተቆጠረ፣ 3.69። ከሕጉ በፊት 33 ጎል የተቆጠረበትና ከሕጉ በኋላ 33 የተቆጠረበት መከላከል አንድ አይደሉም።

ጠያቂው፦ ሰንጠረዥ ሠሪው

አሁን 462፣ 924፣ 1143 ሁሉም ገጠመ። ሁለተኛ ዲቪዚዮን ስጀምር ግን ከሊድስ ዩናይትድ ቀጥሎ ያደገው በሪ ነው ይላል። ደርቢ ካውንቲ እኩል 51 ነጥብ አለው፣ በመቀነስም በጣም ይበልጣል። ያው ነገር ነው?

መልስ፦ የመስመር ዳኛ

ያው ነው፣ እንዲያውም የባሰ። ሁለቱም 21 ድል፣ 9 አቻ፣ 12 ሽንፈት። በሪ 63 ለ35፣ ደርቢ 75 ለ42። በመቀነስ ደርቢ 33፣ በሪ 28 ነው፤ በማካፈል በሪ 1.800፣ ደርቢ 1.786። በአንድ አሃዝ ካጠጋጋህ እዚህም እኩል ይሆኑብሃል፤ በቀያሹ መንገድ አባዛው፦

በሪ፦ 63 × 42 = 2646
ደርቢ፦ 75 × 35 = 2625

ደርቢ በዓመቱ ውስጥ አንዲት ጎል ብቻ ቢጨምር 76 × 35 = 2660 ነበር፤ የሚያድገውም እሱ።