ቦይለር ሲያንጠባጥብ ወደ ሱቅ ከመሮጥ በፊት

ወንድሜ፣ «ቦይለሩ ሥር ውሃ አቁሯል፣ ዛሬውኑ አዲስ ልግዛ ወይ?» ላልከው፦ ቆይ፣ አትቸኩል። ቦይለር ብዙ ጊዜ የሚቀየረው በድንጋጤ ነው። በድንጋጤ ደግሞ ያልተበላሸ ዕቃ ይጣላል፣ ለቤቱ የማይሆን መጠን ይገዛል፣ መትከል የማይችል ሰው ይጠራል።

መጀመሪያ ውሃው ከየት እንደሚመጣ ይታወቅ። የኤሌክትሪክ ከሆነ ብሬከሩን አጥፋ። ወለሉን በደንብ አድርቅና ደረቅ ሶፍት ያዝ። ከላይ ጀምረህ እያንዳንዱን የቧንቧ መገጣጠሚያ በሶፍቱ ነካ ነካ እያደረግህ ውረድ። ሶፍቱ የራሰበት ቦታ መልሱን ይነግርሃል። ከመገጣጠሚያ ወይም ከታች ካለው የማፍሰሻ ቫልቭ ከሆነ ጠበቅ ይደረጋል ወይም ይቀየራል፣ ቀላል ነው። አንዳንዴ እንዲያውም ምንም የሚያፈስ ነገር የለም፤ የአየሩ እርጥበት በቀዝቃዛው ውሃ ቧንቧ ላይ ጤዛ ሆኖ ነው የሚንጠባጠበው። ከታንኩ ሆድ ከወጣ ግን አለቀ። የተበሳ ታንክ አይጠገንም። የሚገባውን ውሃ ዝጋና ወደ መቀየሩ ግባ።

ሰው በጣም የሚሳሳተው በደኅንነት ቫልቩ ላይ ነው። ከታንኩ ላይ ወይም ከጎኑ ያለችው፣ ቱቦ ወደ ታች የወረደላት ዕቃ ናት። ሙቀቱ ወይም ግፊቱ ከልክ ሲያልፍ ተከፍታ ውሃ ታወጣለች። ይህቺ ቫልቭ ካንጠባጠበች ሁልጊዜ ተበላሽታለች ማለት አይደለም። ሥራዋን እየሠራች ሊሆን ይችላል። ሒሳቡን እየው፦ ውሃ ሲሞቅ ይሰፋል። 190 ሊትር ውሃ ከ15 ዲግሪ ወደ 60 ሲሞቅ 3 ሊትር ያህል ይጨምራል። ቀድሞ ይህ ትርፍ ወደ መንገዱ ዋና ቧንቧ ይመለስ ነበር። አሁን ብዙ ቤት መግቢያው ላይ ውሃ ወደ ኋላ የማያስመልስ ቫልቭ አለ። ስለዚህ 3 ሊትሩ መሄጃ ያጣል፣ ግፊቱ ይጨምራል፣ ቫልቯም ታንጠባጥባለች። መፍትሔው አዲስ ቦይለር ሳይሆን ትርፉን ውሃ የሚቀበል ትንሽ የማስፋፊያ ታንክ ነው። አዲስ ቦይለር ብትተክልም ይህ ካልተስተካከለ አዲሱም ያንጠባጥባል፤ ከዚያ ከነጋዴው ጋር ትጣላለህ።

አደራ፣ የዚያን ቱቦ ጫፍ ማንም በክዳን እንዳይደፍነው። ሙቀቱን የሚቆጣጠረው ቴርሞስታት ተበላሽቶ ማሞቁን ባያቆም፣ ግፊቱም መውጫ ቢያጣ፣ ታንኩ ይፈነዳል። ሲፈነዳ ግድግዳ ይዞ ነው የሚሄደው።

ዕድሜውንም እይ። የተሠራበት ጊዜ ከጎኑ በተለጠፈው ወረቀት ላይ አለ፤ ቀኑ ባይጻፍ እንኳ ብዙ ጊዜ ከመለያ ቁጥሩ ይታወቃል። ታንክ ያለው ቦይለር በአብዛኛው ከ8 እስከ 12 ዓመት ያገለግላል። አብዛኛው የብረት ታንክ ውስጥ የማግኒዚየም ወይም የአሉሚኒየም ዘንግ ተሰቅሏል። ዝገቱ ታንኩን ትቶ ዘንጉን ይበላል። ዘንጉ ሲያልቅ ተራው የታንኩ ይሆናል። ዘንጉን በየሁለት ሦስት ዓመቱ አስፈትሾ የሚቀይር ሰው የታንኩን ዕድሜ ያራዝማል፤ ግን ስንቶቻችን ዘንግ መኖሩን እናውቃለን? ሲሞቅ ጧ ጧ የሚል ከሆነ ደግሞ ሥሩ የኖራ ዝቃጭ ተኝቶበታል። በዓመት አንዴ ከታች አፍስሶ ማጠብ ነው።

መቀየር ግድ ከሆነ ታንክ የሌለው፣ ማለትም ውሃውን ሳያጠራቅም እየወረደ የሚያሞቀው፣ ይሻላል ወይ የሚለው ጥያቄ ይነሣል። ሰዎች «ውሃው አያልቅም» ይሉሃል፤ እውነት ነው። የኤሌክትሪኩ ግን ጉድ አለበት። በደቂቃ 10 ሊትር የሚያወርድ ሻወርን በ30 ዲግሪ ለማሞቅ 21 ኪሎዋት ያህል ይፈልጋል። ታንክ ያለው በ4.5 ኪሎዋት ይሠራል፤ ልዩነቱ ቀስ ብሎ ማሞቁ ነው። 190 ሊትር ከ15 ወደ 60 ዲግሪ ለማድረስ ከ2 ሰዓት በላይ ይፈጅበታል። ብዙ ቤት ያለው የኤሌክትሪክ መስመር 21 ኪሎዋቱን አይችልም፤ መስመሩን ማሳደግ በወጪ ከማሽኑ ሊብስ ይችላል። እኔ ብሆን መስመሩን ሳላስፈትሽ አልገዛም። ከአየር ሙቀት እየሳበ የሚያሞቀው ዓይነት ደግሞ ኤሌክትሪክ በጣም ይቆጥባል፤ ግን ሰፊ ቦታ ይፈልጋል፣ ያለበትን ክፍልም ያቀዘቅዛል።

«አንድ የማውቀው ልጅ በርካሽ ይተክልልኛል» ላልከው፣ የኤሌክትሪክ ከሆነና ልጁ ሙያው ካለው ላይከፋ ይችላል፤ ፈቃድ ያስፈልግ እንደሆነ ግን ቀድመህ ጠይቅ። ያለ ፈቃድ የተተከለ ነገር ቤቱን ውሃ ሲያጥለቀልቀው ኢንሹራንሱ ፊቱን ሊያዞርብህ ይችላል። ክብደቱንም አትርሳ፤ የ190 ሊትር ታንክ ሲሞላ ውሃው ብቻ 190 ኪሎ ነው። ተክሎ ሲጨርስ መጀመሪያ ታንኩ ይሙላ። የሙቅ ውሃ ቧንቧ ክፈቱና አየሩ ወጥቶ ውሃው ሳይቆራረጥ እስኪወርድ ጠብቁ። ብሬከሩ የሚበራው ከዚያ በኋላ ነው። ውሃውን የሚያሞቀው ሬዚስታንስ ውሃ ሳይሸፍነው ኤሌክትሪክ ካገኘ ወዲያው ይቃጠላል፤ ዋስትናውም አይሸፍንልህም።

ጋዝ ከሆነ ግን ዘመድም ይሁን ጓደኛ፣ ፈቃድ ያለው ባለሙያ ካልሆነ እንዳይነካው። የጭሱ መውጫ በደንብ ካልሳበ ካርቦን ሞኖክሳይድ ቤት ውስጥ ይቀራል። ሽታ የለው፣ ቀለም የለው። ሰው እንደተኛ ይቀራል። መኝታ ክፍል አጠገብ ጠቋሚ መሣሪያ መስቀል ግዴታ አድርጉት።

ሙቀቱን ስንት ላይ ላድርግ ለሚለው፣ ታንኩ ውስጥ 60 ዲግሪ ጥሩ ነው፤ ሌጂዮኔላ የሚባለው፣ የሳንባ በሽታ የሚያመጣ ባክቴሪያ ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ነው የሚራባው። ነገር ግን 60 ዲግሪ ውሃ የሰው ቆዳ በ5 ሰከንድ ገደማ ያቃጥላል። ልጆች ወይም አዛውንት ካሉ መውጫው ላይ ከቀዝቃዛ ጋር የሚቀላቅል ቫልቭ ይግባ፤ ሻወር ላይ ከ50 በታች ሆኖ ይወርዳል።

ተከራይ የሆናችሁ ደግሞ ይህን ሁሉ ተዉት። ፎቶ አንሡ፣ ለአከራዩ በጽሑፍ አሳውቁ፣ መልሱንም አስቀምጡ። በስልክ ብቻ የተነገረ ነገር በኋላ «አልሰማሁም» ይባላል።