ሃኖይ፣ ባት ዳን 49 ላይ ፎ ለመብላት፦ ወረፋው፣ ሥጋውና የጾም ቀን

መንገደኛ_ሐ፦
ሰላም ለሁላችሁ። በሚቀጥለው ወር ለሥራ ሃኖይ እሄዳለሁ። አሮጌው ሰፈር ባት ዳን መንገድ ቁጥር 49 ያለውን የፎ (የቬትናም የሩዝ ኑድል በሥጋ መረቅ) ቤት ሁሉም ያነሣዋል። ሦስት ጥያቄ አለኝ። አስተናጋጅ የለም የሚባለው እውነት ነው? ጥሬ ሥጋ አልወድም፣ ምን ልዘዝ? ረቡዕና ዓርብ እጾማለሁ፣ የአሳማ ነገርም አልበላም፤ መረቁ ከምን እንደተሠራ በምን ይታወቃል?

ፍሪምባ፦
አስተናጋጅ የለም፣ እውነት ነው። በሩ ላይ ሰልፍ ትይዛለህ፣ መቁረጫው ጋ ስትደርስ ታዛለህ፣ እዚያው ትከፍላለህ፣ ሳህንህን ራስህ ተሸክመህ ክፍት ወንበር ካለበት ትቀመጣለህ። ከማታውቀው ሰው ጋር ገበታ መጋራት ደንብ ነው። ሁለት ከሆናችሁ አንዱ ወረፋ ይያዝ፣ ሌላው ወንበር ይፈልግ፤ ሳህኑ እስከ አፉ ሙሉ ስለሆነ ይዞ መዞር እጅ ያቃጥላል። በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 12 ሰዓት ጀምሮ እስከ 4 ሰዓት አካባቢ ይሠራሉ፣ ቀን ይዘጋሉ፣ ማታ ደግሞ ከ12 በኋላ ይከፍታሉ። ለምሳ ብለህ እንዳትሄድ።

ዝርዝሩ አጭር ነው፤ ሦስት ዓይነት ብቻ። «ታይ» ስስ ተደርጎ የተቆረጠ ጥሬ ሥጋ ነው፣ የፈላ መረቅ ይፈስበታል። «ቺን» ቀድሞ የበሰለ፣ ለአንተ የሚሆነው እሱ ነው። «ታይ ናም» ጥሬውንና የበሰለ የጎን ሥጋ ያቀላቅላል። አነጋገሩ ካስቸገረህ በጣትህ ሰሌዳው ላይ አሳይ፣ ማንም አይገርመውም።

ደግሞ ታይን እንደ ክትፎ አትየው። መረቁ እየፈላ ከፈሰሰበት ወዲያው ይገረጣል። ቀይ ሆኖ የሚቀረው ላይ ተንሳፍፎ መረቅ ያልነካው ቁራጭ ነው፤ በቾፕስቲክ ወደ ታች ስትጫነው ይበስላል። ፎቶ እያነሣህ ከቆየህ ግን መረቁ ይቀዘቅዝና ሥጋው እንደቀላ ይቀራል፣ ሩዝ ኑድሉም መረቁን ይመጥና ያብጣል።

ባሮ_ሽንኩርት፦
ፍሪምባ በደንብ ነግሮሃል፤ እኔ ማጣፈጫው ላይ ልጨምር፣ ብዙ ሰው የሚያበላሸው እዚያ ስለሆነ። በአሜሪካ የቬትናም ቤቶች የለመደ ሰው ሃኖይ ሲሄድ የበሶብላና የማሾ ቡቃያ ሳህን ይጠብቃል። አይመጣም። ያ የደቡቡ፣ የሳይጎን አበላል ነው፤ ጥቁሩ ጣፋጭ ሶስም እንደዚያው። የሰሜኑ ፎ ላይ የሽንኩርት ቅጠልና ጥቂት ድንብላል ቅጠል አለ፣ በቃ። ገበታው ላይ የምታገኘው ነጭ ሽንኩርትና ቃሪያ የተዘፈዘፈበት ኮምጣጤና የቃሪያ ድልህ ነው።

መጀመሪያ ምንም ሳትጨምር ሁለት ሦስት ማንኪያ ቅመስ። ከዚያ ኮምጣጤውን በትንሽ ማንኪያ ግማሽ፣ ሥጋው ጮማ ከሆነ አንድ ሙሉ። የዓሣ ሶስ መረቁ ውስጥ አስቀድሞ ስላለ ሳትቀምስ ከጨመርክ ጨው ይሆንብሃል። ድልሁን መረቁ ላይ መዘርገፍ ደግሞ የቀረፋውን፣ የኮረሪማ ዘመድ የሆነውን ቅመምና በእሳት የተለበለበውን ዝንጅብል ሁሉ ያጠፋዋል፤ ለሌሊት ሙሉ የተቀቀለ አጥንት አሳዛኝ ነገር ነው። «ክዋይ» የሚሉትን የተጠበሰ ሊጥ ካዘዝክ ቁራጭ በቁራጭ እየነከርክ ብላ፤ አንዴ ከጨመርከው ሟሙቶ ዘይቱን ይለቅቃል።

«ሚ ቺን» የሚሉትን ነጭ የማጣፈጫ ዱቄት (ኤምኤስጂ) ብዙ ቤቶች በየሳህኑ ይጨምራሉ። ካልተስማማህ ስታዝ «ኮንግ ሚ ቺን» (ሚ ቺን አይግባበት) በል።

ዘጠኝ_ሰዓት፦
ለጾሙ፦ ተራ ፎ ቤት ገብቶ «ሥጋውን ተውልኝ» ማለት ዋጋ የለውም፣ መረቁ ራሱ አጥንት ነው። «ፎ ቻይ» የተጻፈበትን ፈልግ። «ቻይ» የቡድሃ እምነት ተከታዮች የጾም ምግብ ነው፣ ሥጋም የዓሣ ሶስም አይገባበትም፤ መረቁ ከእንጉዳይና ከአትክልት ይሠራል። በጨረቃ አቆጣጠራቸው ወር በገባ በ1ኛውና በ15ኛው ቀን ብዙ ሰው ስለሚጾም በየመንገዱ ይገኛል፤ በሌላው ቀን የጾም ምግብ ቤቶችን ለይቶ መሄድ ነው። እንቁላል የሚጨምሩ ስላሉ ለኑድሉ ሳይሆን ለጎን ምግቡ ጠይቅ።

አሳማን በተመለከተ የከብት ፎ መሠረቱ የከብት አጥንት ነው፤ አንዳንዱ ቤት ግን ለማጣፈጥ የአሳማ አጥንት ይቀላቅላል፣ በዓይን አይለይም። በስልክህ «የአሳማ አጥንት አለበት?» የሚለውን በቬትናምኛ ጽፈህ አሳይ። ክዋይ የሚጠበስበት ዘይትም የአሳማ ስብ ሊነካው ስለሚችል ብትተወው ይሻላል። ይህን የሚያነብ ሙስሊም ወንድም ካለ፣ ባት ዳን ሐላል አይደለም፤ ሃንግ ሎክ መንገድ 12 ያለው አል ኑር መስጊድ በእግር ቅርብ ነው፣ እዚያ ቢጠይቅ የሚበላበትን ይጠቁሙታል።

መንገደኛ_ሐ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ክፍያው በካርድ ይሆናል? ሰልፉ ከበዛብኝስ ሌላ ቤት?

ፍሪምባ፦
ካርድ እርሳው። አገሬው በስልክ ባንክ ይከፍላል፣ የውጭ ሰው ጥሬ ገንዘብ ይያዝ። አንድ ሳህን ከ50 እስከ 70 ሺህ ዶንግ አካባቢ ነው፤ ዝርዝር ያዝ። 20 ሺውና 500 ሺው ሁለቱም ሰማያዊ ናቸው፣ ጠዋት በጥድፊያ ይምታታሉና ለይተህ ኪስህ ውስጥ አስቀምጥ።

ሌላ ቤት ካልክ ሎ ዱክ 13 ያለው ፎ ቲን አለ፣ እ.ኤ.አ. ከ1979 ጀምሮ። እዚያ ሥጋው በነጭ ሽንኩርት በኃይለኛ እሳት ጠበስ ተደርጎ ነው የሚገባው፣ የሽንኩርት ቅጠሉም ክምር ነው። መረቁ ከባት ዳን ይልቅ ቅባት ይበዛዋል፤ ጥሬ ለማይወድ ግን ይስማማል።

ባሮ_ሽንኩርት፦
ቅባቱን ካልፈለገ ኮምጣጤውን አንድ ማንኪያ ተኩል ያድርገው። ሎ ዱክ ከአሮጌው ሰፈር ወጣ ያለ ስለሆነ ሞተር ታክሲ ይያዝ።