ለአንገረብ ደለል የከተማው ሰው ይክፈል ወይ?

ጠያቂው፦ ቡና ላይ የተነሳውን ክርክር ላምጣው። ለጎንደር ከተማ ውሃ የሚሰጠው አንገረብ ግድብ ደለል እየያዘው ነው፤ ደለሉ ደግሞ በብዛት የሚወርደው ከላይ ካለው ተዳፋት እርሻ ነው። አንዱ ወዳጃችን «የውሃ ቢል ላይ ጥቂት ብር ይጨመርና መሬቱን በእርከንና በሣር ለያዘ ገበሬ ይሰጥ» አለ። የማራኪ፣ የቀሃና የአዘዞ ሰፈር ሰዎች፣ ከግድቡ በላይ ያደግኸውም፣ ምን ትላላችሁ?

የማራኪዋ፦ በጭራሽ! ውሃ የሚመጣልኝ በፈረቃ፣ ያውም እኩለ ሌሊት ነው። የቀረውን በጀሪካን ከጋሪ እገዛለሁ። ላላገኘሁት ውሃ ስከፍል ኖሬ አሁን ደግሞ ለአፈሩ? መጀመሪያ አዲሱ የመገጭ ግድብ ይጠናቀቅ።

የቀሃው፦ እህት ዓለም፣ መገጭ ከተጀመረ ከ10 ዓመት አልፎታል። ቢያልቅስ? እሱም ውሃ የሚቀበለው ከታረሰ ተዳፋት ነው። ደለል የያዘው ቦታ እኮ ውሃ ይይዝ የነበረ ነው። ክረምት ውሃው ሲደፈርስ ማጣሪያው የሚጨምረው ኬሚካል ወጪስ የማን ይመስልሻል? ኒው ዮርክ እንኳ በፈረንጆቹ 1997 በቢሊዮን ዶላር ማጣሪያ ከምሠራ ብላ ከላይ ካሉት የገጠር ማኅበረሰቦች ጋር ተዋዋለች።

የማራኪዋ፦ ኒው ዮርክ ቧንቧ ሲከፈት ውሃ ይወርዳል፣ ወንድሜ።

ከግድቡ በላይ ያደግሁት፦ እኔን ስሙኝ እስቲ። በየዓመቱ በበጋ ወጥተን እርከን እንሠራለን፣ በነፃ። ሪፖርት ይጻፋል፣ ፎቶ ይነሳል። ከዚያ መኖ ስለሌለ ከብት ይለቀቅበታል፣ ካቡ ይናዳል። አባቴ ሁለቱን እርከን በገዛ እጁ ነው ያፈረሰው። ለምን? ካቡ ውስጥ አይጥ ገብቶ ገብሱን ጨረሰበት! መሬቱ ራሱ ጠባብ ነው፤ እርከን ሲገባበት የሚታረሰው ይቀንሳል። ፍጉ ደግሞ ኩበት ሆኖ ይነዳል እንጂ ማሳ ላይ አይደርስም። እና አባቴ እርከኑን ቢያቆየው ጥቅሙ ታች ላለው ሰው ነው።

የአዘዞው፦ እንግዲያው ብሩን ተዉትና ኮምፖስት እንስጠው። ከየቤታችን የሚወጣው አብዛኛው የሚበሰብስ ነው።

የማራኪዋ፦ የጎረቤቴን ባልዲ ላሳይህ? አተላ፣ የሽንኩርት ልጣጭ፣ ፌስታል፣ መሐሉ ላይ የራዲዮ ባትሪ። ይሄን ገብስ ላይ ልትበትን ነው?

የአዘዞው፦ ቆሻሻ መለየት እኮ በአዋጅ 513/1999 የቤተሰብ ኃላፊ ግዴታ ተደርጎ ነበር።

የማራኪዋ፦ ለይቼ ነበር እኮ። ጋሪው አንድ ነው፤ ዓይኔ እያየ ቀላቀለው።

የቀሃው፦ ለኮምፖስቱ ከቤት አትጀምሩ። ቅዳሜ ገበያ የአትክልት ተረፉ እዚያው ለብቻው ይወድቃል፤ ከዚያ ይጀመር። ለሁሉም ቤት ሁለት ባልዲ ማደል የፕሮጀክት ወሬ ነው።

ከግድቡ በላይ ያደግሁት፦ ኮምፖስቱ ይምጣ፣ ጥሩ ነው። ግን መኖ አይሆንም። ለከብቱ ድርቆሽ ካልተገኘ ካቡ እንደገና ይናዳል፤ ብሩ ለዚያ ነው የሚያስፈልገው።

የማራኪዋ፦ እሺ፣ ቢሉ ላይ ለብቻው ተጽፎ ይምጣ፣ የት እንደገባም ውሃ አገልግሎት በር ላይ ይለጠፍ። እንዲህ ከሆነ 10 ብር እከፍላለሁ። «ልዩ ልዩ» ተብሎ ከመጣ ግን አልከፍልም።

ከግድቡ በላይ ያደግሁት፦ ክፍያውም እርከን በተሠራ ዕለት አይሁን። መስከረም ላይ ካቡ ቆሞ ሲገኝ ነው።