ሰርቨሩን ወደ አገር ቤት ማምጣት ወይስ ሲ አር ኤሙን ማጽዳት?

አይቲ ክፍል፦ ጤና ይስጥልን ቤቶች። አዲስ አበባ ባለ አንድ አከፋፋይ ድርጅት ውስጥ ነው የምሠራው። የደንበኞቻችን መዝገብ ያለው ሱት ሲ አር ኤም በሚባል የደንበኛ መዝገብ መያዣ ሶፍትዌር (ሲ አር ኤም) ላይ ነው፤ ሰርቨሩን የተከራየነው ፍራንክፈርት ነው። ሠራተኛው የአንድ ደንበኛ ገጽ እስኪከፈትለት 11 ሰከንድ ይጠብቃል። አለቆቻችን «ሩቅ ስለሆነ ነው፣ እዚሁ ወዳለ ዳታ ሴንተር እናዙረው» ብለው በጀት ሊያጸድቁ ሰኞ ይሰበሰባሉ። እኔ መጀመሪያ ሲስተሙ ራሱ ይጽዳ ባይ ነኝ፤ ማስረጃዬ ግን ገና አልጠነከረም። ተከራከሩበት። የተሳሳትኩ እኔ ከሆንኩም ከሰኞ በፊት ልወቀው።

የኔትወርክ ባለሙያ፦ አለቆችህ ልክ ናቸው። ከአዲስ አበባ ፍራንክፈርት በቀጥታ መስመር 5,300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ ደርሶ መልሱ ምንም ብታደርግ ከ53 ሚሊ ሰከንድ በታች አይወርድም። መስመሩ ደግሞ ቀጥ ብሎ አይሄድም፤ የባሕር በር ስለሌለን በጎረቤት አገር በኩል ዞሮ ነው ከባሕሩ ኬብል የሚገናኘው። እኔ ከቢሮዬ ስለካው 140 ሚሊ ሰከንድ አካባቢ ነው የሚመጣልኝ። አንድ ገጽ ሲከፈት ደግሞ ብዙ ጊዜ ይመላለሳል። ሌላም አለ፦ ኪራዩ በዶላር ነው፤ ከሐምሌ 2016ቱ የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ያው ሰርቨር በብር ምን ያህል እንደናረ ፋይናንሳችሁን ጠይቅ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም መረጃ ከአገር ስለሚወጣበት ሁኔታ የደነገገው አለ። ይህ ሁሉ እያለ ሰርቨሩ እዚያ የሚቆይበት ምክንያት አይታየኝም።

ዳታቤዝ ላይ የምሠራ፦ ዶላሩንና አዋጁን እቀበላለሁ፤ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። የተጠየቀው ግን ስለ 11 ሰከንድ ነው። ያንተኑ 140 ይዘን እናስላ። አዲስ ግንኙነት ሲከፈት አንድ ደርሶ መልስ ለመተዋወቅ፣ አንድ ለምስጠራው፣ አንድ ለጥያቄው ይሄዳል፤ 420 ሚሊ ሰከንድ ሆነ። ገጹ 60 ፋይል ቢጠራና ሰርቨሩ ከብሮውዘሩ ጋር በሚነጋገርበት በድሮው ደንብ፣ በኤችቲቲፒ 1.1፣ ቢሠራ፣ ብሮውዘሩ በአንዴ የሚከፍተው 6 መስመር ነው፤ 10 ዙር፣ 1.4 ሰከንድ። ሁሉንም ብትደምረው 2 ሰከንድ አይሞላም። የቀረው 9 ሰከንድ የት ገባ? ሰርቨሩን አዲስ አበባ ብታመጣው 9ኙንም ሰከንድ አብረህ ጭነህ ነው የምታመጣው።

አይቲ ክፍል፣ አንተ ኤፍ 12ን ተጫን፣ ኔትወርክ የሚለውን ታብ ክፈት፣ ገጹን እንደገና አስነሣና የመጀመሪያዋን መስመር ተመልከት። ሰርቨሩን የጠበቀበትና ፋይሉን ያወረደበት ጊዜ ለየብቻ ተቀምጧል። እሱን ይዘህ ና።

አይቲ ክፍል፦ ለካሁ። ጠቅላላው 7.3 ሰከንድ፣ ከዚያ ውስጥ ሰርቨሩን የጠበቀው 4.8። 11 ግን አልመጣልኝም። ሠራተኞቹ አጋነውት ይሆን?

የሽያጭ ሠራተኛ፦ ወንድሜ፣ አላጋነኑም። እኔ ሌላ ድርጅት ነኝ፣ ሥቃዩ ግን አንድ ነው። ደንበኛ ይደውላል፣ ስሙን አስገባለሁ፣ ያ ክብ ነገር መዞር ይጀምራል። ዝም እንዳይባል ስለ ጤናው፣ ስለ ልጆቹ እጠይቃለሁ። ጥያቄው ሲያልቅብኝ «ሲስተም እየዘገየብኝ ነው፣ ይታገሱኝ» እላለሁ። ይህን ከጠዋት እስከ ማታ ስል ነው የምውለው። አንዳንዱ «መልሼ እደውላለሁ» ብሎ ይዘጋል፤ አይደውልም። ስለዚህ አሁን ሁሉንም በደብተር ላይ እጽፍና 11 ሰዓት ላይ ወደ ሲስተሙ እገለብጣለሁ። ጠዋት ደንበኛው የነገረኝ ነገር ማታ ሲገለበጥ ግማሹ ይረሳል፤ በወር መጨረሻ አለቃዬ የሚያየው ሪፖርት ከዚያ የተረፈው ነው። እባካችሁ አይቲዎች፣ እኛ ወንበር ላይ ተቀምጣችሁ ለኩ።

ዳታቤዝ ላይ የምሠራ፦ የእህታችን የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር መልሱን ይዟል። አይቲ ክፍል፣ የለካኸው በአድሚን አካውንት ነው አይደል? ሱት ሲ አር ኤም ላይ አድሚንን የሴኩሪቲ ግሩፕ (ማን የትኛውን መዝገብ እንደሚያይ የሚወስን ቡድን) ማጣሪያ አይመለከተውም። ተራው ተጠቃሚ ላይ ግን ዝርዝር በመጣ ቁጥር «ይህን መዝገብ ይህ ሰው ማየት ይፈቀድለታል ወይ?» የሚል ተጨማሪ ፍለጋ ይካሄዳል። በሽያጭ ሠራተኛ አካውንት ድገመው። ዳታቤዙ የዘገዩ ጥያቄዎችን (ኩዌሪዎችን) የሚመዘግብበትን ስሎው ኩዌሪ ሎጉንም አብራው።

አይቲ ክፍል፦ እውነት ነው። በአንዲት ባልደረባዬ ኮምፒውተር፣ በእሷ አካውንት 11.2 መጣ፤ መጠበቂያው ብቻ 8.7። ሁለት ዓመት ሙሉ በአድሚን እየገባሁ «እኔ ጋ ይሠራል» ስላቸው ነው የኖርኩት፤ ከልቤ አዝኛለሁ። ሎጉን ግን አብርቼው ባዶ ነው።

ዳታቤዝ ላይ የምሠራ፦ ዳታቤዛችሁ ማይኤስኪውኤል፣ ካልቀየርክለት በቀር፣ «ቀርፋፋ» የሚለው ከ10 ሰከንድ በላይ የቆየን አንድ ኩዌሪ ነው። አንዱ 4፣ ሌላው 3 ሰከንድ ከፈጀ ሁለቱም አይያዙም። ወደ 1 አውርደው።

ከቨርጂኒያ፦ እኔ እዚህ አሜሪካ የሴልስፎርስ፣ የሌላ ሲ አር ኤም፣ አድሚን ነኝ። እኛ ዳታቤዙ ውስጥ ገብተን አንጎረጉርም፤ በእጃችን ያለው ገጹ ላይ የሚጫነውን ነገር መቀነስ ነው። አንድ ቡድን ውስጥ ስገባ የደንበኛው ገጽ ከላይ እስከ ታች በፊልድ (መረጃ በሚሞላበት ሣጥን) የተሞላ ነበር። መጀመሪያ በሚታየው ታብ ላይ ስም፣ ስልክና የመጨረሻ ትዕዛዝ ብቻ አስቀርተን ሌላውን ወደ ሁለተኛው ታብ ወሰድነው። ላይትኒንግ በሚባለው የሴልስፎርስ ገጽታ ላይ ያልተከፈተ ታብ ውስጥ ያለ ነገር እስኪነካ አይጫንም። ማንም ሰው ፊልድ አልተሰረዘበትም፣ ገጹ ግን ወዲያው ቀለለ። ስለዚህ ዳታቤዝ ብቻ፣ ዳታቤዝ ብቻ አትበሉ። ኢንዴክስ (የዳታቤዙን መፈለጊያ ማውጫ) አስተካክላችሁ ገጹን እንዳለ ከተዋችሁት በዓመቱ እዚሁ ተመልሰን ነን።

የማርኬቲንግ ኃላፊ፦ እነዚያ ፊልዶች ለጌጥ አልገቡም። ደንበኛው በየት እንደሰማን፣ የትኛው ክፍለ ከተማ እንዳለ ካላወቅኩ የማስታወቂያ በጀት በጭፍን ነው የምመድበው። ወደ ሁለተኛ ታብ ሄዱ ማለት ማንም አይሞላቸውም ማለት ነው።

የሽያጭ ሠራተኛ፦ አሁንም እኮ አይሞሉም። ገጹ ሲዘገይ ነጥብ አስገብተን እናልፋቸዋለን። ከፈጠነ ሁለተኛውንም ታብ እከፍታለሁ፤ ቃሌ ነው።

ጅማ ቅርንጫፍ፦ እኛንም አስቡን። በሞባይል ዳታ ነው የምንሠራው፤ መስመሩ በወረደ ጊዜ የዳታቤዙ ሰው ያሰላው 2 ሰከንድ ለእኛ ብዙ እጥፍ ይሆናል። ሰርቨሩ አዲስ አበባ ቢመጣም ከጅማ እስከዚያ ያለው መንገድ ያው ነው።

የኔትወርክ ባለሙያ፦ ጅማ ያነሣው ልክ ነው፤ የእኔን ክርክርም ያሳጥረዋል። ለእናንተ የሚሻለው ሰርቨሩ ኤችቲቲፒ 2 እንዲናገር ማድረግና ፋይሎቹ ብሮውዘሩ ካሽ (ጊዜያዊ ማስቀመጫ) ውስጥ እንዲቆዩ ማዘዝ ነው። ያኔ ያ ሁሉ ምስልና ስክሪፕት በየገጹ እንደገና አይወርድም። ይሄ የግማሽ ቀን ሥራ ነው፣ በጀትም አይጠይቅም።

አይቲ ክፍል፦ ሎጉ ያዘልኝ! ትልቁ 4.1 ሰከንድ የሚፈጅ ነው። የደንበኛውን ትዕዛዞች በቲን ቁጥር ፈልጎ ገጹ ላይ የሚያሳይ ክፍል ነው፤ እኛው ራሳችን ያሠራነው። ቲን የያዘው ፊልድ ላይ ኢንዴክስ አልነበረም። ጨመርኩ። ምንም ለውጥ የለም፤ ያው 4.1።

ዳታቤዝ ላይ የምሠራ፦ ኩዌሪውን ቀዳው፣ ከፊቱ ኤክስፕሌይን ጨምረህ አሂደው፤ ዳታቤዙ እንዴት እንደሚፈልግ ያሳይሃል። ኩዌሪውንም እዚህ ለጥፈው።

አይቲ ክፍል፦ ኢንዴክሱን አልተጠቀመም፤ ሰንጠረዡን ከዳር እስከ ዳር ያነብበዋል ይላል። ኩዌሪው ላይ ቲኑ ያለ ጥቅስ ምልክት፣ ባዶውን ቁጥር ሆኖ ነው የተጻፈው።

ዳታቤዝ ላይ የምሠራ፦ አገኘነው። የእኛ ቲን 10 አሃዝ ነው፣ ብዙው በዜሮ ይጀምራል። ዜሮው እንዳይጠፋ ብላችሁ ፊልዱን ጽሑፍ አድርጋችሁታል፣ ትክክል ነው። ኮዱ ግን እንደ ቁጥር ይጠይቃል። ማይኤስኪውኤል ጽሑፍን ከቁጥር ጋር ሲያወዳድር እያንዳንዱን ረድፍ ወደ ቁጥር መለወጥ አለበት፤ ኢንዴክሱ ያኔ አያገለግልም። ውጤቱ ትክክል ስለሚመጣ ደግሞ ማንም አይጠረጥረውም። ቲኑን ከነዜሮዎቹ በጥቅስ ውስጥ አስገባው።

አይቲ ክፍል፦ ከ4.1 ሰከንድ ወደ 0.02! ሁለቴ ሦስቴ ነው የሞከርኩት። ገጹ በባልደረባዬ አካውንት 7.1 ሆኗል። የቀረው ትልቁ የሴኩሪቲ ግሩፑ ነው፤ ስመለከተው ባልደረባዬ ቅርንጫፍ በተቀያየረች ቁጥር አዲስ ግሩፕ ተጨምሮላት አሮጌው ሳይነሣ 14 ግሩፕ ውስጥ ናት።

የኔትወርክ ባለሙያ፦ ይሄን አልገመትኩም ነበር። አቋሜን ግን ሙሉ በሙሉ አልለቅም። ለዶላሩና ለአዋጁ ሲባል ሰርቨሩ መምጣት አለበት እላለሁ። ስብሰባው ላይ «ለፍጥነት» ተብሎ እንዳይጸድቅ ብቻ ተናገር፤ ከመጣ በኋላም ካልፈጠነ ጣት የሚቀሰረው ወደ አንተ ነው።

አይቲ ክፍል፦ ሰኞ ሁለቱን ለያይቼ አቀርባለሁ። ግሩፖቹን ቅዳሜ ከሰው ሀብት ጋር ቁጭ ብለን እናጠራለን፤ ኤችቲቲፒ 2ና ካሹን ዛሬ ማታ።

የሽያጭ ሠራተኛ፦ ካጠራችሁ በኋላ ማክሰኞ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ፣ ስልኩ በሚበዛበት ሰዓት፣ ባልደረባህ አጠገብ ተቀመጥና እንደገና ለካ። ቁጥሩንም እዚሁ ጻፍልን፤ እኔም ለእኛ አይቲ አሳየዋለሁ።