ባንኮክ ከእናቴ ጋር፦ ከሐኪም ቀጠሮ በተረፈው ጊዜ ምን ላሳያት?

የአራዳው፦

ሰላም ለሁላችሁ። ኅዳር መጨረሻ ላይ እናቴን ይዤ ባንኮክ ልሄድ ነው። ዋናው ጉዳይ ሕክምና ነው። መጀመሪያ ምርመራ አላት፣ ከዚያ ውጤት እስኪደርስ ጥቂት ቀን እንጠብቃለን፣ ከዚያ እንደገና ሐኪም ጋ። በመሃል ያለውን ጊዜ ሆቴል ተኝታ ጣራ እያየች እንድታሳልፈው አልፈልግም። ዕድሜዋን ሙሉ ከአራት ኪሎና ከፒያሳ ርቃ አታውቅም፣ በጣም ራቀች ከተባለ ለንግሥ ቁልቢ ነው። እንደዚህ ያለ ዕድል ደግሞ ተመልሶ ላይመጣ ይችላል።

ያሉብኝን ነገሮች ልንገራችሁ። ጉልበቷን ያማታል፣ ደረጃ ይከብዳታል። ሁለተኛ፣ የነቢያት ጾም ይገባል። ሐኪም ካላዘዘ በቀር አትገድፍም፣ ብዙ ተከራክረን ትቼዋለሁ። ሦስተኛ፣ «ጣዖት ቤት አልገባም» ብላለች። እኔ ኢንተርኔት ላይ ስፈልግ የሚወጣልኝ ግን ቤተ መቅደስ፣ የሌሊት ገበያና ጭፈራ ቤት ነው።

ሆቴላችን ናና የሚባለው ሰፈር ነው፣ ሐበሻ ብዙ ጊዜ እዚያ ያርፋል ስላሉኝ። ትልቅ ሰው ይዛችሁ የሄዳችሁ ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ። የት ትደሰታለች? በምን እንሂድ? ምን እንብላ?

ሱቅ ፒያሳ፦

ወንድሜ እግዜር ይማርልህ እናትህን። እኔ ለዕቃ ነው የምመላለሰው፣ ግን ከተማዋን እወዳታለሁና የምነግርህ ከልቤ ነው።

መጀመሪያ የአየሩን ነገር አስብበት። እኛ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የምንኖር ሰዎች ነን፣ ባንኮክ ግን ከባሕር ወለል እምብዛም ከፍ አትልም። ኅዳርና ታኅሣሥ ለእነሱ ጥሩው ወቅት ነው፣ ዝናቡም ያበቃል፣ ቢሆንም ቀን ላይ 30 ዲግሪ ያልፋል፣ ወበቅም አለው። ስለዚህ ማለዳ ውጡ፣ ከቀትር በፊት ኤሲ ያለበት ቦታ ግቡ፣ አሥር ሰዓት ሲሆን እንደገና ውጡ። በቀትር ፀሐይ እናትህን ይዘህ አስፋልት ላይ እንዳትገኝ። ሰዓቱም ከእኛ በ4 ሰዓት ይቀድማል፣ የመጀመሪያው ቀን ላይ ምንም ዕቅድ አታብዛ።

ለእሳቸው የሚሆነው ወንዙ ነው። ቻኦ ፕራያ ይባላል፣ ከተማዋን ሰንጥቆ ነው የሚያልፈው፣ ቁጭ ብለህ ሁሉንም ታያለህ፤ ቤተ መንግሥቱን፣ የሸክላ ግንቡን፣ አሮጌ የእንጨት ቤቶችን፣ ትልልቅ ሆቴሎችን፣ አሸዋ የጫነ ጀልባ ሲጎተት። ንፋስ አለ፣ ደረጃ የለም። ከናና ባቡር ይዘህ ሲያም ላይ ትቀይርና «ሳፓን ታክሲን» የሚባለው ጣቢያ ትወርዳለህ፣ የጀልባው መቆሚያ ከባቡሩ ሥር ነው። ብርቱካናማ ባንዲራ ያለው የሕዝብ ጀልባ 16 ባት ብቻ ነው፣ ግን ችኩል ነው፣ ተጠግቶ ሰው ጭኖ ወዲያው ይሄዳል። ለጉልበት ሰማያዊ ባንዲራ ያለው የቱሪስት ጀልባ ይሻላል፣ ትንሽ ይወደዳል እንጂ ረጋ ያለ ነው።

«ዋት አሩን» የሚባለውን ሳይገቡበት ማየት ይቻላል። ከወንዙ ማዶ ያለ የቤተ መቅደስ ረጅም ግንብ ነው፣ ላዩ በሙሉ ከቻይና በመጣ የሸክላ ስብርባሪ የተለበጠ። ታ ቲየን በሚባለው መቆሚያ በኩል ቆመው ፀሐይ ስትጠልቅ ይዩት። ያን ጊዜ ጣዖት ቤት ገባሁ አይሉም፣ ዓይናቸው ግን ይጠግባል።

ለልብስ ከፈለክ ፕራቱናም አካባቢ ፕላቲነም የሚባለው ሕንፃ ግባ። ብዙዎቹ ሱቆች ከ3 ፍሬ በላይ ከገዛህ በጅምላ ዋጋ ይሸጡልሃል። ኤሲም ተንቀሳቃሽ ደረጃም አለው። ስለ ገበያ ከዚህ በላይ አላወራህም፣ አንተ የምትሄደው ለእናትህ ነው።

እትዬ ካዛንቺስ፦

ልጄ፣ እግዚአብሔር ይባርክህ። እናቱን እንዲህ የሚያስብ ልጅ ይብዛልን። እኔም ለሕክምና ነበር የሄድኩት፣ ልጄ ይዛኝ።

የእናትህ ነገር ገብቶኛል፣ እኔም እንደዚያው ብዬ ነበር። ኋላ ግን ዋት ፖ የሚባለው ቤተ መቅደስ ገባሁ። ማንም ስገጂ አይልሽም። ጫማሽን ታወልቂያለሽ፣ እሱ ደግሞ ለእኛ እንግዳ አይደለም፣ ዝም ብለሽ አይተሽ ትወጫለሽ። በጎኑ የተጋደመ የቡድሃ ሐውልት ነው፣ 46 ሜትር ርዝመት አለው፣ በወርቅ የተለበጠ። የእግሩ መዳፍ ላይ በዛጎል የተሠራ ጌጥ አለ፣ 108 ምልክት ነው አሉን። የእጅ ሥራ ለሚወድ ሰው እሱን ብቻ ቆሞ ማየት ይበቃል። እኔ ጥልፍ የምሠራ ሰው ነኝ፣ ልጄ ጎትታ ነው ያስወጣችኝ። እናትህ አልገባም ካሉ ግን አታስገድዳቸው፣ ሰው በኅሊናው ላይ አይገፋም።

ለልብሳቸው አትጨነቅ። እዚያ ትከሻና ጉልበት መሸፈን ግዴታ ነው፣ ፈረንጆቹ በር ላይ እየተመለሱ ሱሪ ይገዛሉ። እናትህ ሰፊ የጥጥ ቀሚስና ነጠላ ካደረጉ ማንም አይከለክላቸውም። እንዲያውም ቀሚሱን እያዩ ፈገግ ይሉልህ ነበር።

አንድ ነገር ልንገርህ፣ የአበባ ገበያው እንዳያመልጣቸው። ፓክ ክሎንግ ታላት ይባላል። ጃስሚን በክር ሰክተው የአበባ ጉንጉን ይሠራሉ፣ ቢጫው አበባ በከረጢት ተከምሯል፣ ሽታው ከሩቅ ይቀበልሃል። ሴቶቹ መሬት ቁጭ ብለው እየሰኩ ይጫወታሉ። የአገራችን ገበያ ነው የመሰለኝ። ሱኩምቪት ከሚባለው ጣቢያ የምድር ውስጥ ባቡር ትይዛላችሁ፣ ሳይቀየር ሳናም ቻይ ድረስ ይወስዳችኋል። ጣቢያው ራሱ እንደ ቤተ መንግሥት አዳራሽ ነው የተሠራው፣ ሊፍት አለው። ከዚያ አበባውም ዋት ፖም ቅርብ ናቸው።

ከአበባው ገበያ ማዶ፣ ወንዙን ተሻግሮ ደግሞ ሳንታ ክሩዝ የሚባል ቤተ ክርስቲያን አለ። የካቶሊክ ነው፣ የእኛ አይደለም፣ ግን መስቀል ሲያዩ ደስ ይላቸዋል። በ1767 እንደ ፈረንጆቹ የድሮዋ ዋና ከተማ አዩታያ ስትወድቅ ከንጉሥ ታክሲን ጎን የቆሙ ፖርቱጋሎች ነበሩ፣ ንጉሡ መሬት ሰጥቷቸው እዚያ ሰፈሩ። የልጅ ልጆቻቸው አሁንም አሉ። ያሁኑ ሕንፃ በ1916 እንደ ፈረንጆቹ የተሠራ ነው። በጓሮው ጠባብ መንደር ውስጥ ከድሮ ጀምሮ የሚጋግሩት ትንሽ ኬክ አለ፣ እንቁላል ስላለበት ለጾመኛ አይሆንም። አንተ የማትጾም ከሆነ ቅመስልኝ።

የአራዳው፦

እትዬ እግዜር ያክብርልኝ፣ ዕድሜ ይስጥዎት። ለእናቴ አነበብኩላት። አበባውን ስትሰማ ዓይኗ በራ። ዋት ፖን ግን «እናያለን» ብላለች፣ እሱም ትልቅ ነገር ነው። እርስዎ ጋ ጉልበት ያስቸገረዎት ቦታ ነበር?

ነጃት ስታዲየም፦

ስለ ምግቡ እኔ ልመልስ፣ ማንም አልነካውምና።

የታይ ምግብ አትክልት ቢመስልህም የዓሣ መረቅ ይገባበታል፣ የደረቀ ሽሪምፕም እንደዚሁ። እንቁላሉም አለ። «ቬጀቴሪያን» ብለህ ብትጠይቅ እንቁላልና ወተት ሊያመጡልህ ይችላሉ። ለእናትህ የሚሆነው «ጄ» የሚሉት ነው። ቻይናዎቹ ለሃይማኖት የሚጾሙት ምግብ ነው፤ ሥጋ፣ ዓሣ፣ እንቁላል፣ ወተት የለበትም፣ ነጭ ሽንኩርት እንኳ አያስገቡበትም። ቢጫ ባንዲራ ላይ በቀይ የተጻፈ ምልክት ካየህ ጄ ቤት ነው። ቻይናታውን ውስጥ አይጠፋም። ምልክቱን ስልክህ ላይ አስቀምጠው፣ ለአስተናጋጅ ታሳየዋለህ። ከ7-ኢለቨንም ምልክቱ ያለበት የታሸገ ነገር ታገኛለህ። ከጣፋጭ ደግሞ ማንጎ ከሚጣበቀው ሩዝ ጋር አለ፣ ወተቱ የኮኮናት ነው፣ ጾም ነው። በርበሬውን ቀንሱ በላቸው። እኛ በርበሬ ለመድን ብንልም የእነሱ ጥሬ ቃሪያ ሌላ ነው።

ሐበሻ ምግብ ቤትም ናና አካባቢ ታገኛለህ፣ ሽሮ ሲናፍቃቸው ይጠቅማል። እኔ የምበላው ሐላል ስለሆነ ሶይ 3 (ሶይ ማለት ቅያስ መንገድ ነው) ያሉት የዓረብ ቤቶች ያደርሱኝ ነበር። ሰፈሩን በተመለከተ ግን አንድ ምክር፦ ጎዶሎ ቁጥር ያላቸው መንገዶች በአንድ ጎን፣ ሙሉ ቁጥሮቹ በሌላው ጎን ናቸው። ሶይ 4 ማታ ማታ መጠጥ ቤትና ጭፈራ ነው። ከእናትህ ጋር ስትመለስ በዚያ በኩል አትለፍ።

ወረቀቱን አትርሳ። ከኢትዮጵያ ለሚገባ ሰው ታይላንድ ቢጫ ካርድ፣ ማለትም የቢጫ ወባ ክትባት ማስረጃ፣ ትጠይቃለች፣ ክትባቱም ከበረራው ቢያንስ 10 ቀን ቀድሞ መሆን አለበት። እናትህ 60 ዓመት ካለፋቸው ክትባቱን ከመውሰዳቸው በፊት ሐኪማቸውን ያማክሩ፣ ይሄን በቸልታ አትለፈው። ከግንቦት 2025 ወዲህ ደግሞ ከመድረሳችሁ በፊት ባሉት 3 ቀናት ውስጥ ኢንተርኔት ላይ የመግቢያ ቅጽ ይሞላል። ነፃ ነው። ገንዘብ የሚጠይቅህ ድረ ገጽ የመንግሥቱ አይደለም።

የታሸገ ምግብ ላይ 2568 ወይም 2569 ብታይ አትደንግጥ፣ ዓመታቸው ከፈረንጆቹ በ543 ይቀድማል።

ሜክሲኮ አደባባይ፦

እስካሁን የተባለው ሁሉ ጥሩ ነው። እኔ ግን ትልቁን ቤተ መንግሥት ዝለለው እላለሁ፣ ማንም ስላላነሳው ነው የጻፍኩት። ሁሉም ሰው ሂዱ ሂዱ ይላችኋል። በ1782 እንደ ፈረንጆቹ የተጀመረ ነው፣ ውበቱ አያጠያይቅም፣ አረንጓዴው ቡድሃም እዚያ ነው። ግን መግቢያው 500 ባት ነው፣ ጥላ የለውም፣ ሰው ይጋፋል፣ ብዙ ያስኬዳል። ጉልበት የሚያማቸውን እናት እዚያ ሰልፍ ላይ ማቆም ደግ አይደለም። ከጀልባው ላይ ጣራዎቹን ያያሉ፣ በቃ።

በዚያ አካባቢ ደግሞ ጥሩ የለበሰ ሰው መጥቶ «ዛሬ ዝግ ነው፣ ሌላ ቦታ ላሳይህ» ቢልህ አትመነው። በባጃጅ በርካሽ ያዞርሃል፣ መጨረሻው ጌጣጌጥ ሱቅ ነው፣ ከሱቁ ኮሚሽን አላቸው። ታክሲ ከያዝክ ሜትሩን አስከፍት፣ ከ35 ባት ይጀምራል። እምቢ ካለህ ውረድ። ወይም እንደ እኛ ራይድ ስልክ ላይ የሚጠራ አለ፣ ግራብ ይባላል፣ ዋጋውን ቀድመህ ታየዋለህ።

እናትህ ታሪክ ከወደደች የወርቁን ቡድሃ ታሪክ ንገራት፣ ባትገባም ትወደዋለች። ዋት ትራይሚት ነው ያለው፣ ቻይናታውን መግቢያ ላይ። 5 ቶን ተኩል የሚመዝን ወርቅ ነው፣ ግን ዘመናትን ሁሉ በልስን ተሸፍኖ ተራ ሐውልት መስሎ ኖሯል። ከጠላት ለመደበቅ ነው ይባላል። በ1955 እንደ ፈረንጆቹ ወደ ሌላ ቦታ ሊያነሱት ሲሉ ወደቀ፣ ልስኑ ተሰነጠቀ፣ ውስጡ ወርቅ ሆኖ ተገኘ። እኛም በወረራ ዘመን ታቦትና መስቀል በዋሻ የደበቁ አባቶች ስላሉን ታሪኩ እናቴን አስለቅሷት ነበር። ደረጃ ስላለው ግን መውጣቱ ይቅርባት።

እረፍት ለሚፈልጉበት ቀን ሉምፒኒ ፓርክ ውሰዳት። ማለዳ ሂዱ። ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ተሰብስበው በሙዚቃ ስፖርት ይሠራሉ፣ የሐይቁ ዳር ወንበር አለ። ትልልቅ አርጃኖዎች ከውኃው ወጥተው ሣር ላይ ይሄዳሉ፣ ካልነኳቸው ሰው አይነኩም፣ ግን አስቀድመህ ንገራት እንዳትደነግጥ።

እትዬ ካዛንቺስ፦

የአራዳው ልጄ፣ ጉልበቴን ያስቸገረኝ የባቡሩ ጣቢያ ነበር። ከላይ የሚሄደው ባቡር ደረጃው ረጅም ነው። ሊፍት አለ፣ ግን መንገዱን ተሻግሮ በሌላ በኩል ይሆንና ትደክማለህ። የምድር ውስጡ ይሻላል። ሌላው የጀልባው መወጣጫ ነው፣ ውኃው ሲናወጥ ይንቀሳቀሳል፣ እጃቸውን ይዘህ አንተ ቅድም። ሆስፒታሉ ዊልቸር ካለው ለግቢው ውስጥ ጠይቅ፣ አያፍሩበት።

ሜክሲኮ የጻፍከው ልጅ፣ ቤተ መንግሥቱን ዝለል ማለትህ ልክ ነው። ለወጣት ግን አትከልክል።

የአራዳው፦

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። እንዲህ አስቤያለሁ፦ ምርመራው ባለቀ ማግስት ማለዳ አበባው ገበያ፣ ፀሐዩ ሳይበረታ ተሻግረን ሳንታ ክሩዝ፣ ከዚያ ወደ ሆቴል። በሌላው ቀን አሥር ሰዓት ላይ ጀልባው፣ ማታ ቻይናታውን ጄ ምግብ። ሉምፒኒ ውጤት በምንጠብቅበት ቀን ጠዋት፣ ሐሳቧን ይወስድልናል። ዋት ፖን እሷ ትወስን።

አንድ ጥያቄ ቀረኝ። አበባው ገበያ ስንት ሰዓት ነው የሚደምቀው?

ሱቅ ፒያሳ፦

ሌሊቱን ሙሉ ነው የሚሠራው፣ ጅምላው የሚራገፈው ከእኩለ ሌሊት እስከ ንጋት ነው። እናትህ ለኪዳን መነሳት ከለመዱ 12 ሰዓት ላይ እዚያ ድረሱ፣ በእኛ አቆጣጠር። አበባው ትኩስ ነው፣ አየሩም ቀዝቀዝ ይላል። ምድር ውስጥ ባቡሩ ግን ሥራ የሚጀምረው ያኔ አካባቢ ስለሆነ ለመሄጃ ግራብ ጥራ፣ ለመመለሻ ባቡሩን ያዙ።