በዓባይ ዳር ያጸዳነው መናፈሻ፦ ደንገሉ ይነሣ ወይስ ይቆይ?

ጥያቄ፣ ከ«የድልድዩ ጎረቤት»

ሰላም ለሁላችሁም ይሁን። በባሕር ዳር ከዓባይ ድልድይ ወረድ ብሎ ባለ የወንዝ ዳር መናፈሻ ላይ ሠላሳ ያህል ነዋሪዎች ካለፉት ሁለት ክረምቶች ጀምሮ በበጎ ፈቃድ እየሠራን እንገኛለን። አብዛኞቻችን የአንድ እድር አባላት ስንሆን፣ ከባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳ ግቢ የሚመጡ ተማሪዎችም ቅዳሜ ቅዳሜ ያግዙናል። ቦታው ቀደም ሲል ሰው ከሥራ ሲወጣ አረፍ የሚልበት፣ ሙሽሮችም ከሚዜዎቻቸው ጋር ፎቶግራፍ የሚነሡበት ነበር። በኋላ ግን ወንበሮቹ ተነቃቅለው፣ የፈረሰ ቤት ድንጋይና ብሎኬት እየተደፋበት፣ ፌስታልና የውኃ ፕላስቲክ ተከምሮበት ቆየ። አዲሱ ድልድይ በግንቦት 2016 ዓ.ም. ተመርቆ ሰው በ380 ሜትሩ ድልድይ ላይ በእግሩ እየተንሸራሸረ ወንዙን ማየት ሲጀምር፣ ከላይ ሆኖ የሚያየው የእኛን ሰፈር ቆሻሻ መሆኑ አሳፈረንና ተነሣን።

ፍርስራሹን በጋሪ አውጥተናል፣ መንገዱን ጠርገናል፣ ችግኝም ተክለናል። ዛሬ ምክር የምጠይቀው በሁለት ነገሮች ላይ ነው። አንደኛው፣ ባለፈው ነሐሴ ከተከልናቸው ችግኞች መካከል ከአራቱ ሦስቱ እስከ መጋቢት ድረስ ደርቀዋል። ውኃ ያላጠጣናቸው እንዳይመስላችሁ፤ ተማሪዎቹ በቢጫ ጀሪካን እየተሸከሙ በየቀኑ ጠብ ጠብ ሲያደርጉላቸው ነበር። ሁለተኛው ክርክር ያስነሣብን ጉዳይ ነው። በውኃው ጠርዝ ላይ ታንኳ የሚሠራበት ደንገልና ሸምበቆ ጥቅጥቅ ብሎ በቅሏል። ገሚሶቻችን «ወንዝ ዳር ተቀምጦ ወንዙን ማየት ካልተቻለ የመናፈሻው ጥቅም ምኑ ላይ ነው? ደንገሉን ከሥሩ ነቅለን ዳርቻውን በድንጋይ ግንብ እናስይዘው፤ ከግንቡ ጀርባም እንደ ከተማው ዋና መንገዶች ዘንባባ እንደርድርበት» ይላሉ። ሌሎቻችን ደግሞ ደንገሉ ቢነሣ ዳርቻው ይናዳል ብለን እንፈራለን፤ ነገር ግን ፍርሃታችንን የምናስረዳበት በቂ እውቀት የለንም። ለግንቡ የሚሆን ገንዘብ ማዋጣት ስለ ተጀመረ፣ ከመወሰናችን በፊት በሥራው ያለፋችሁ ሰዎች የምታውቁትን ብትነግሩን ትልቅ ውለታ ነው።

መልስ፣ ከ«የዋንዛ ጥላ»

በተፈጥሮ ሀብት ጥበቃ ሥራ ላይ ብዙ ዓመት ቆይቼ አሁን በጡረታ ላይ የምገኝ ሰው ነኝ። ገንዘቡ ለግንብ ከመውጣቱ በፊት በመጠየቅዎ ደስ ብሎኛል።

ከችግኞቹ ልጀምር። ለእኛ አገር ዝናብ ነሐሴ ዘግይቷል። ከሰኔ አጋማሽ እስከ ሐምሌ መጀመሪያ ድረስ፣ መሬቱ በደንብ ርሶ ሳለ የተተከለ ችግኝ ክረምቱን ሙሉ ሥሩን ወደ ታች ሲሰድ ይከርማል፤ በነሐሴ የተተከለው ግን ገና እግሩን ሳይተክል በጋው ይደርስበታል። በዚያ ላይ የእናንተ መሬት ፍርስራሽ የተደፋበትና መኪና የተመላለሰበት በመሆኑ የጠጠረ ነው። በዶማ ጫፍ በተከፈተ ጠባብ ጉድጓድ ውስጥ የገባ ችግኝ በድስት ውስጥ እንደ ተተከለ ይቆጠራል። ጉድጓዱ በሚያዝያና በግንቦት፣ ቢያንስ ግማሽ ሜትር ጥልቀትና ግማሽ ሜትር ስፋት ኖሮት መቆፈር አለበት። የላይኛው አፈር ለብቻው ተቀምጦ፣ ከበሰበሰ ፍግ ጋር ተደባልቆ መጀመሪያ እርሱ ይመለስበታል። ውኃውም በየቀኑ ጠብ ጠብ ከሚደረግለት ይልቅ በሳምንት አንድ ጊዜ አንድ ጀሪካን ሙሉ ቢጠጣና ዙሪያው በደረቅ ሣር ቢሸፈን ይሻላል፤ ላዩ ብቻ የረጠበ መሬት ሥሩን ወደ ላይ ስለሚጠራው፣ ፀሐዩ ሲበረታ ሥሩ እዚያው ላይ እንዳለ ይቃጠላል።

አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ችግኞቹ ሲተከሉ ጥቁሩ ፕላስቲክ ተቀድዶ ወጥቷል ወይ? በዘመቻ ቀን ሰው ሲበዛና ሁሉም ቶሎ ቶሎ ሲል፣ ከነፕላስቲኩ የሚቀበር ችግኝ ቁጥሩ ቀላል አይደለም። እባክዎ ከደረቁት መካከል አንዱን ነቅለው ይመልከቱት።

ወደ ግንቡ ስመለስ፣ በግልጽ እቃወመዋለሁ። የዓባይ ውኃ ከጣና ሲወጣ መጠኑ በዝናብ ብቻ የሚወሰን አይደለም። በ1980ዎቹ መጨረሻ በጨራ ጨራ የተሠራው መቆጣጠሪያ በሮቹ ሲከፈቱና ሲዘጉ የወንዙ ከፍታ ይለዋወጣል። ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮም 460 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው የጣና በለስ ኃይል ማመንጫ ከሐይቁ በምዕራብ በኩል በዋሻ ውኃ እየወሰደ ወደ በለስ ይለቅቃል። እንዲህ የሚወጣና የሚወርድ ውኃ በግንብ እግር ሥር ያለውን አፈር እየላሰ ይወስደዋል፤ ግንቡ ከፊቱ ደህና መስሎ ሳለ ከሥሩ ክፍት ይሆንና አንድ ክረምት ላይ ይተኛል። ከሁሉም የሚብሰው ግንቡ የሚያልቅበት ጫፍ ነው፤ ውኃው እዚያ ጋ ተመትቶ ስለሚዞር የጎረቤታችሁን ዳርቻ ይበላዋል። የደንገል ሥር ግን እርስ በርሱ ተጠላልፎ አፈሩን ይይዛል፣ ውኃው ሲወጣ አብሮ ይወዛወዛል፣ ከሰፈር በጎርፍ የሚመጣውን ደለልና ፌስታልም ወደ ወንዙ ከመግባቱ በፊት ያስቀረዋል። ይህን የሚሠራ ግንብ በምንም ገንዘብ አይገኝም።

ዘንባባ ለመንገድ ዳር ያምራል፤ ለወንዝ ዳር ጥላው ትንሽ፣ አፈር የመያዝ አቅሙም ደካማ ነው። ከደንገሉ ቀጥሎ እርጥበት የሚወድዱትን ዶቅማና ሾላ፣ ከፍ ሲል ደግሞ ዋንዛና ብርብራ ትከሉ። ባሕር ዛፍ ግን በምንም ምክንያት አታስገቡ።

መልስ፣ ከ«ታንኳ ቀዛፊ»

ጋሼ የተናገሩትን ሁሉ እቀበላለሁ፤ በብርብራው ብቻ እለያለሁ። የብርብራን ፍሬ ወቅጦ ውኃ ውስጥ በመጨመር ዓሣ ማስከር በአካባቢያችን የታወቀ ነው። ትልቁንም ትንሹንም ሳይለይ ይጨርሳል። ዛፉን ውኃው አጠገብ ማብቀል ፍሬውን እጅ ላይ እንደ ማስቀመጥ ስለሚሆን፣ ከወንዙ ራቅ ይበል።

እኔ በደንገል ታንኳ ያደግሁ ሰው በመሆኔ ስለ ደንገሉ የምለው አለኝ። ደንገል ከታጨደ መልሶ ይበቅላል፤ ከሥሩ ከተነቀለ ግን ዳርቻው ለዘለቄታው ባዶ ይቀራል። አባቶቻችን ለታንኳ ሲያጭዱ ሥሩን አይነኩም ነበር፤ ማጭዱን ከውኃው ከፍ አድርገው፣ የደረሰውን እየመረጡ ይቆርጡ ነበር። እናንተም ወንዙን ለማየት ከፈለጋችሁ ሁሉንም ማንሣት አያስፈልጋችሁም። ሰው ከድሮ ጀምሮ ውኃ ለመቅዳት የረገጠበት ሁለት ወይም ሦስት ቦታ አይጠፋም፤ እነዚያን ብቻ እንደ መስኮት እያጨዳችሁ ክፈቱ። በደንገል መስኮት የሚታይ ወንዝ ከግንብ ላይ ከሚታየው ያምራል፤ ይህን የምለው በማለዳ ከውኃው በኩል ሆኜ ብዙ ጊዜ ስላየሁት ነው።

በደንገሉ እግር ሥር ቀረሶ የተባለው ዓሣ ይራባል። እናቲቱ እንቁላሏን በአፏ ይዛ ትቆይና ጫጩቶቹን የምትለቅቃቸው እንዲህ ባለ ጥልቀት በሌለውና ሣር በበዛበት ጠርዝ ነው። ጠርዙ ሲጸዳ ዓሣውም ይሄዳል።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን የጉማሬውን መውጫ ለዩ። ጉማሬ ቀኑን ውኃ ውስጥ ውሎ ሣር ለመጋጥ ማታ ይወጣል፤ መንገዱንም በቀላሉ አይቀይርም። በደንገሉ መካከል እንደ ቦይ ጎድጎድ ብሎ የተረገጠ፣ ግራና ቀኙ ጭቃ የተቀባ መተላለፊያ ካያችሁ የእርሱ ነው። እዚያ ላይ ወንበር አታስቀምጡ፣ መስኮትም አትክፈቱ፤ ከመሸ በኋላ ከውኃውና ከእርሱ መካከል የቆመ ሰው አደጋ ላይ ነው።

እምቦጭ ከደንገል ጋር እንዳይምታታባችሁም አደራ። በጣና ላይ ከታየበት ከ2003 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በብዛት የያዘው ሰሜናዊውንና ሰሜን ምሥራቃዊውን ዳርቻ ቢሆንም፣ ነፋስና ውኃ ቁራጩን ወደ እኛም ያመጡታል። ቅጠሉ የሚያብረቀርቅ፣ የቅጠሉ ዘንግ እንደ ፊኛ ያበጠ፣ አበባው ወይን ጠጅ የሆነውን ካያችሁ ሳያብብ ከነሥሩ አውጡት፤ ዘሩ በጭቃ ውስጥ ከ15 ዓመት በላይ ሊቆይ ይችላል። አውጥታችሁም ዳር ላይ አትተዉት፤ ውኃው ሲሞላ መልሶ ይወስደዋልና፣ ራቅ ባለ ደረቅ ቦታ ከምሩት።

መልስ፣ ከ«የጤና ባለሙያዋ»

አጭር ማሳሰቢያ ብቻ አለኝ። በጣናና በዓባይ ዳርቻ ቢልሃርዚያ አለ። ትሉ ቀንድ አውጣ ከሚመስሉ የውኃ ውስጥ እንስሳት ይወጣና በባዶ እግር ውኃ ውስጥ የቆመን ሰው ቆዳ ቀድዶ ይገባል። በብዛት የሚወጣውም ፀሐይ ስትበረታ፣ ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። ስለዚህ በውኃው ጠርዝ የሚሠራው ሥራ በማለዳ ይሁን፤ ወደ ውኃው የሚገቡትም ቦት ጫማና ጓንት ያድርጉ። እስከ አሁን በባዶ እግር የገቡ ተማሪዎች ካሉ ጤና ጣቢያ ሄደው ይመርመሩ፤ ፕራዚኳንተል የተባለው መድኃኒት በደንብ ይሠራል።

መልስ፣ ከ«ሐይቅ ዳር ነዋሪ»

እኛም በሐይቁ ዳር ተመሳሳይ ሥራ ሞክረን ግማሹ ተሳክቶልናል፣ ግማሹ ፈርሶብናል። የፈረሰብን በተክሉ ምክንያት አልነበረም። አንድ ድርጅት መጥቶ ስሙ በትልቁ የተጻፈበት ሰሌዳና ስድስት የቆሻሻ በርሜል አቆመልን፣ ፎቶግራፍ ተነሣ፣ ከዚያ በኋላ አላየነውም። በርሜሎቹን የሚያነሣ ሰው ስላልነበረ በሁለተኛው ሳምንት ሞልተው ፈሰሱ፤ ሰውም በርሜል ያለበት ቦታ መጣያ ነው ብሎ ከቤቱ ጭምር እያመጣ ይጥልበት ጀመር። ከዚያ ወዲህ የተማርነው፣ በየስንት ቀኑ ማን እንደሚያነሣው ከቆሻሻ ሰብሳቢ ማኅበሩ ጋር በጽሑፍ ሳይስማሙ አንድም በርሜል አለማቆም ነው። የውኃ ፕላስቲኩን ለብቻው በማዳበሪያ ከረጢት ካጠራቀማችሁት የሚገዛ አይጠፋም፤ እኛ በእርሱ ማጭድና ጓንት ገዝተናል።

ሁለተኛው ነገር፣ በቦታው ላይ የሚተዳደሩትን ሰዎች አታባርሩ። እኛ መጀመሪያ ልብስ አጣቢዎቹንና ጀበና ቡና የምታፈላውን ልጅ «ቦታው ይጽዳ» ብለን አስነሣናቸው፤ በማግሥቱ ቦታውን የሚጠብቅ ዓይን ጠፋ። ይቅርታ ጠይቀን ስንመልሳት፣ ፍየል ሲገባ የምትጮኸው፣ ፌስታል የሚጥለውን «ኧረ ልጄ፣ አንሣው» የምትለው እርሷ ሆነች። መኪና አጣቢዎችን ግን ዘይትና ሳሙናው በቀጥታ ወንዙ ውስጥ ስለሚገባ ከጠርዙ እንዲርቁ ማነጋገር ግድ ነው። የሚተኩበትን ቦታ አብሮ መፈለግ ስለሚጠይቅ ረጅም ሥራ መሆኑን ዕወቁት።

በመጨረሻም፣ የቦታውን ጉዳይ በወረቀት አስይዙ። ወንዝ ዳር ያለ መሬት ጸድቶና ለምልሞ ሲታይ ፈላጊው ይበዛል። የጣና ሐይቅና አካባቢው በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት ተመዝግቧል፤ ይህንን በማመልከቻችሁ ላይ ጥቀሱት። የእድሩን ማኅተም አድርጋችሁ፣ ቦታው በመናፈሻነት እንዲቆይና እናንተም የመንከባከብ ኃላፊነቱን እንደ ወሰዳችሁ የሚገልጽ ደብዳቤ ከአስተዳደሩ ካልያዛችሁ፣ አምስት ዓመት የደከማችሁበት ዛፍ በአንድ ጠዋት ሊቆረጥ ይችላል።

ምላሽ፣ ከ«የድልድዩ ጎረቤት»

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ትናንት ማታ ከሥራ ስመለስ በቀጥታ ወደ ወንዙ ሄድኩና ከደረቁት ዋንዛዎች አንዱን ነቀልኩት። ብዙ መጎተት አላስፈለገኝም፤ ከነጥቁር ፕላስቲኩ እንዳለ ወጣ። ስቀድደው ሥሩ በከረጢቱ ቅርጽ ክብ ሠርቶ፣ እንደ ገመድ ራሱን አንቆ፣ አንዲት ክር እንኳ ወደ ውጭ ሳይልክ ደርቋል። አፈሩ ግን አሁንም በትንሹ ርጥብ ነበር። ልጆቹ በየቀኑ ያመላለሱት ውኃ መሆኑን ሳስብ ልቤ ተነካ። ሌሎች አምስት ነቅዬ ሦስቱ እንደዚያው ሆነው አገኘኋቸው። የዘመቻው ቀን አስተባባሪ እኔ ስለነበርኩ ጥፋቱን ለእድሩ ራሴ እናገራለሁ።

መልሶቻችሁን አትሜ ለግንቡ ደጋፊዎች ሰጥቻቸዋለሁ። የግንቡ ጫፍ የጎረቤትን ዳርቻ ይበላል የሚለው ብዙዎቹን አሳስቧል፤ ከእኛ ቀጥሎ ያለው መሬት የአንድ ባልቴት የጓሮ አትክልት ነውና። መዋጮው ለፍግ፣ ለቦት ጫማና ለአንድ የጥበቃ ሠራተኛ ደመወዝ ይዙር የሚል ሐሳብ ለእሑዱ ስብሰባ አቅርበናል። ቅዳሜም የምንጀምርበትን ሰዓት ከረፋዱ 4 ሰዓት ወደ ንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል አምጥተነዋል።

ታንኳ ቀዛፊ ወንድሜ፣ በደንገሉ መካከል የተረገጠ መንገድ ሁለት ቦታ አይቻለሁ፤ አንደኛው የሰው እንደ ሆነ እርግጠኛ ነኝ፣ ሁለተኛው ግን አሮጌው ወንበር ከነበረበት ፊት ለፊት ነው። ወንበሩን እዚያው ለመመለስ አስበን ስለነበር፣ የሚመችዎ ከሆነ ቅዳሜ ንጋት ከውኃው በኩል መጥተው ቢያዩልን ከድልድዩ ሥር እንጠብቅዎታለን።